ሙሽሪትን የተሸከሙት ሰው

የጋሽ ጥላዬን ዕረፍት የሰማሁት በፈረንጅ ፊደል ነው። በዓለም ከተማ ትምህርት ቤት የተማርንና ያስተማርን ሰዎች የምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ «መምህር ጥላዬ አረፉ» ለማለት ፈልጎ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሮ ለጥፎታል። ስልኩ ላይ ከሀ እስከ ፐ ተደርድሮለት! አልቅሼ ሳልጨርስ ተናደድኩ። ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝና ዝም ማለት አላውቅበትም፤ «ቢያንስ የእኚህን ሰው ስም በገዛ ፊደላችን ጻፉ። ስማቸው በጥ ነው፣ በት አይደለም» ብዬ ለጠፍኩ። አንዷ የጸሎት እጅ ላከች፣ አንዱ «እሺ ቲቸር» አለ፣ ልጁም ይቅርታ ጠየቀኝ። ስልኬን በኩራት ዘጋሁ። ያቺን ኩራቴን ሳስባት ዛሬም ፊቴን የምደብቅበት ይጠፋኛል።

ነገሩ ለሌላ ሰው ኢምንት ሊመስል ይችላል። የፈረንጅ ፊደል ለከ እና ለቀ ያላት አንዲት ኬ ብቻ ናት፤ ለተ እና ለጠም ያላት አንዲት ቲ ናት። ሰው ከአገባቡ ይረዳዋል ይባላል። እኔ ግን በዚህች ጉድለት የተነሣ አባቴ ስሙን ሲነጠቅ አይቻለሁ። ጋሽ ጥላዬ ደግሞ ያንን ስም ለመመለስ ሁለት ክረምት ሙሉ ቆመው ሠርተዋል። ቆመው ስል፣ በእግራቸው ቆመው ማለቴ ነው።

ጋሽ ጥላዬ የግሼ ሰው ናቸው፤ ራቤል ተወልደው፣ ዓለም ከተማ ለማስተማር ተመድበው፣ እትዬ አስካለን አግብተው እዚያው ቀሩ። እኔ በተወለድኩባት ከተማ አስተማሪ ሆኜ ስመለስ እሳቸው የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው የሚሸፍኑ ዓይነ አፋር ሰው። ቃል የተባለውን ሁሉ እንደ ወረደ ይወስዱ ነበር። «ሰዓት አለዎት?» ካሏቸው «አለኝ» ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ «እኔ ሳልነግርዎ ደወል እንዳይደወል» ብሏቸው ገበያ ሄዶ ሳይመለስ ዋለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ምሳውን ሳይበላ ተቀምጦ፣ ወላጅ ልጁን ፍለጋ በር ላይ ተሰብስቦ፣ እሳቸው ከደወሉ ሥር ቆመው «አልነገረኝም እኮ» ይላሉ። ይህን ጠባያቸውን አትርሱብኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ኮምፒዩተሯን የተዉላቸው የጉድጓድ ውኃ ሊያስቆፍሩ መጥተው እሳቸው ቤት የተከራዩ አንድ ፈረንጅ ናቸው። እኛ ያኔ ኮምፒዩተር የሚባለውን በስም እንጂ በአካል አናውቀውም፤ ቤት የሚያህል ነገር ነው ብለን ነበር የምናስበው። ይቺ ግን ከመዝገበ ቃላት የማትበልጥ ጥቁር ነገር ነበረች። ቁልፎቿ እንደ ላጲስ ለስላሳ ናቸው። የራሷ መስተዋት ስለሌላት ከቴሌቪዥን ጋር ትገጠማለች፤ የምትሠራውንም ሥራ በልቧ አትይዝም፣ በተነሣች ቁጥር ከካሴት ላይ በቴፕ ማብላት ያስፈልጋል። ባዶ ካሴት በከተማው ስለማይገኝ ጋሽ ጥላዬ የእትዬ አስካለ እህት ልጅ ሰርግ የተቀዳበትን ካሴት ወስደው እላዩ ላይ ቀዱበት። ስለዚህ ቴፑ ሲከፈት መጀመሪያ ቆርቆሮ በሚስማር የሚፋቅ የሚመስል ጩኸት ይወጣል፤ ጩኸቱ ሲያበቃ፣ ያልጠፋው የሰርጉ እልልታ ይከተላል። እልልታው ከተሰማ በልታ ጠግባለች ማለት ነው። ሙሽሪት የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው፤ እትዬ አስካለም በጥልፍ ያጌጠ መሸፈኛ ሠርተውላት፣ ሙሽራ ሆና ተሸፍና ነበር የምትውለው።

እሑድ ሲመሽ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ አስተማሪዎች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። «ዝም በሉ፣ እየበላች ነው» ይሉናል። እኛም ለእንግዳ እንደሚደረገው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠብቃለን። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ከተነሣ የቴሌቪዥኑ ምስል ይሸበሸባል፤ ያኔ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወፍጮ ቤቱን ሊለምኑ ይሄዳሉ። መብራት ድርግም ካለማ ያ ሁሉ የተጻፈ ነገር ጠፋ፤ ጋሽ ጥላዬ ጨለማው ውስጥ «ይቅርታ ሙሽሪት» ይላሉ። ማን ማንን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ብንከራከራቸውም አይሰሙንም። ምን ትሠራ ነበር ካላችሁ፣ ምንም። ቁጥር ታስባለች፣ እኛ እንገምታለን፤ «ከፍ በል፣ ዝቅ በል» ትለናለች። ለዚህ ነበር ከወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለን የምናመሸው። ዛሬ በቦርሳዬ የማዞረው ስልክ ሙሽሪትን ሺህ ጊዜ ይበልጣታል፤ ግን እሱ እስኪበላ ሰብሰብ ብለን ዝም ያልንበት ቀን የለም።

ጋሽ ጥላዬ ያኔ የማይደብቁት አንድ ኩራት ነበራቸው። የተማሪ ውጤት ስትደምር፣ ሰው ሲሳሳት እሷ ስለማትሳሳት «ሙሽሪት አትዋሽም» ይሉ ነበር። በክፍል ይሉታል፣ በገበያ ይሉታል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሉታል። ገበሬውም ተቀብሎት ነበር።

አባቴ አቶ በቀለ የከተማው ምንጭ ጠባቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ጎርፍ ገብቶ ምንጩን አደፈረሰው፤ ብዙ ሕፃናት በሆድ ሕመም ተሠቃዩ። አጥሩን በጊዜ ባለማሳደሱ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። እሱ ግን ልብሱን አውልቆ ደለሉን በገዛ እጁ ዝቆ፣ ድንጋይ ክቦ፣ ምንጩን እንደ ጥንቱ አጠራው። ጋሽ ጥላዬ አባቴን ይወዱት ነበር። በእሑድ የሚሰማው ጩኸት የርኩስ መንፈስ ነው የሚል ወሬ ሲነሣ ራሱ ሄዶ፣ ቴፑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጦ፣ «ሰይጣን ቢሆን ይህን ያህል አያስጠብቅም ነበር» ብሎ የገላገላቸው አባቴ ነበርና።

ውለታውን ለመመለስ ያሰቡት በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቴፑ ጮኸ፣ እልልታው ተሰማ፣ ወላጆችም አብረው እልል አሉ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጫጭ ትልልቅ የፈረንጅ ፊደላት ወጡ። «እንኳን ደህና መጡ አቶ በቀለ» ነው የሚሉት። ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ ድምፀ መልካም ተማሪ ትነሣና ታንብብ ተባለ። ልጅቷ ያን ጽሑፍ አይታው አታውቅም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ እንዳስተማራት ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ ጥርት አድርጋ አነበበችው።

«እንኳን... ደህና... መቱ... አቶ... በከለ።»

«መቱ» ስትል ተማሪው ሳቀ። «በከለ» ስትል ግን ወላጁ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥተው «ሌባሻይ ነው እኮ! ዐወቀችበት» አሉ። ሌባሻይ በድሮ ዘመን ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ሌባ ያለበት ቤት ድረስ የሚያስኬድ ሰው ነው፤ ልጁ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ቢምልም ቢገዘትም አይታመንም። አዳራሹ እንደ ንብ ይንሾካሾክ ጀመር። ጋሽ ጥላዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠው፣ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ተክለው «በቀለ ነው የሚለው! ቀ ናት ይቺ!» ይላሉ። «እርስዎው አይደሉ ሙሽሪት አትዋሽም ያሉት?» አላቸው አንዱ።

አባቴ የፈረንጅ ፊደል አያነብም። ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ማንም ዓይኑን ሊያየው እንዳልፈለገ ሲያውቅ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «እኔ ምንድን ነው የበከልኩት?»

እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ፊደል ዐዋቂ ነኝ፣ እዚያው ተቀምጫለሁ። ግን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ መሬት መሬት አየሁ። ወደ ቤት አብረን ስንሄድ የምረግጠው መሬት የኔ አልመስል አለኝ።

ትንሽ ከተማ ስም ለመለጠፍ የሚያህላት የለም። በሳምንቱ አባቴ «አቶ በከለ»፣ እኔ «የበከለ ልጅ» ሆንን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈውት ክፍል እገባለሁ፤ አጥፍቼው አስተምራለሁ። አባቴ ከኮሚቴው ለቀቀ። እድር ሲጠራ አሞኛል ይላል። ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው በጓሮ በኩል ሆነ። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ «በቀለ ብሎ ያወጣልኝ አያቴ ነው፤ ከሞተው ወንድሜ በኋላ የመጣሁ ቡቃያ ስለሆንኩ ነው» ይላል፣ እኔ የማላውቀው ይመስል።

ጋሽ ጥላዬ ያደረጉትን ላውጋችሁ። በማግስቱ ክፍል ገብተው የራሳቸውን ስም በፈረንጅ ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፉና ተማሪ አስነሥተው አስነበቡ። ልጁ ፈርቶ «ትላዬ» አለ። «አያችሁ? እኔም ትል ነኝ። ከእንግዲህ በስም መሳቅ የፈለገ በኔ ይሳቅ፣ አቶ በቀለን ይተው» አሉ። ቂላቂል አሳብ ነበር። ተማሪ ለሁለት መሳቅ ሲችል ለምን አንዱን ይመርጣል? ከዚያ ወዲያ እሳቸው ትላዬ፣ አባቴም በከለ ሆነው ቀሩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በማለዳ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ጥላዬ ወገባቸውን አጎንብሰው ቆመዋል፤ ማጅራታቸው ላይ በጥልፍ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ ይቅር ካለ «ጣለው» ይለዋል፤ ድንጋዩ ይወድቃል፣ ነገሩም አብሮ ይወድቃል። እሳቸው የተሸከሙት ግን ሙሽሪትን ነበር።

አባቴ ወጥቶ ብዙ ጊዜ አያቸው። «ድንጋይ አጥተህ ነው?» አላቸው።

«ድንጋይማ ሞልቷል፣ አባባ። የበደለችዎ እሷ ናት፤ የሷ ጥፋት ደግሞ የኔ ነው።»

ይቅር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። «ጣለው አልልህም» አለ። «ስሜን ሳታስተካክል አታወርዳትም።» ወደ ውስጥ ገባ። ጋሽ ጥላዬም ሙሽሪትን እንደ ተሸከሙ፣ ለሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አታወርዳትም ተብለዋላ! ቃል እንደ ወረደ የሚወስዱ ሰው አይደሉ? ግድግዳው ላይ ከደረታቸው ከፍ ያለ መደርደሪያ መትተው ሙሽሪትን እዚያ ሰቀሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዳቸውን አንሥተው፣ በእግራቸው ቆመው ነበር የሚጽፉት። ሲደክማቸው የአማታቸውን መቋሚያ ብብታቸው ሥር አድርገው ይደገፋሉ። እሑድ የሚመጣው አስተማሪ ተመናመነ፤ ቁጥር መገመቻው ተረሳ። እትዬ አስካለ «ተቀምጠህ ብትሠራ ማን ያይሃል?» ሲሏቸው «እኔ አያለሁ» ይሉ ነበር።

ያሰቡት ሙሽሪትን ፊደል ማስተማር ነው። ፈረንጁ የተዉት መጽሔት፣ ሰው የራሱን ፊደል ነጥብ በነጥብ ስሎ ለማሽኗ መስጠት እንደሚችል ይናገራል። እንዴት እንደሚሰጥ የሚነግረው ገጽ ግን ተቀዷል። የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ በግምት ቁጥር ይሰጧታል፤ አንዳንዴ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዴ መስተዋቱ በማይታወቅ ምልክት ይሞላና ትደነዝዛለች። አጥፍቶ ማብራት፣ ቴፕ ማብላት፣ ጩኸት፣ እልልታ፣ እንደገና ግምት። ሥዕሉማ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እትዬ አስካለ በመስቀልኛ ጥልፍ የተካኑ ስለሆኑ በሒሳብ ደብተር አራት ማዕዘኖች ላይ አብረው ነበር የሚሞሉት። የቀ ነገር አስቸገራቸው፤ ክቧ ከአገዳዋ ተጣብቃ ድፍን ነጠብጣብ ትሆናለች። አንድ ቀን በአስተማሪዎች ክፍል አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዓይን ዓይኔን ማየት እያፈሩ «ቀ ምን ብትጎድል ነው ቀ መሆኗ የሚቀረው?» ብለው ጠየቁኝ። ስንት ዓመት ፊደል ሳስቆጥር ይህን አስቤው አላውቅም። ክቧ ውስጥ አየር ይግባ፣ እግሯ ይርዘም ተባብለን፣ ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ነጠላዬን ተከናንቤ እሄድ ጀመር። አባቴ ያውቅ ነበር፤ አይጠይቀኝም።

ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ ገና ደጃፉን ሳልፍ እትዬ አስካለ እጄን ይዘው ጎተቱኝ። መስተዋቱ ላይ ኤ የምትባለዋ የፈረንጅ ፊደል አናቷ ጎድሏል። አንዲት ነጥብ ነች የጎደለችው። ጋሽ ጥላዬ በመቋሚያው ተደግፈው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ «ቤታቸውን አገኘሁት» አሉኝ። ሙሽሪት ፊደላቱን የምታኖርበትን ቦታ ማለታቸው ነው፤ እዚያ የሰጧት ቁጥር ኤን ቀይሯታል።

ከዚያ በኋላ ጊዜ አልወሰደም። በመስከረም አንድ አመሻሽ ላይ ጋሽ ጥላዬ ሙሽሪትን በማጅራታቸው፣ እትዬ አስካለ ቴፑን በጀርባቸው፣ እኔ ቴሌቪዥኑን በደረቴ ይዘን ወደ ቤታችን ሄድን። አባቴ መንገድ ለቀቀልን። ቴፑ ጮኸ፣ እልልታው አለፈ፣ ጥቁሩ መስተዋት ላይ አምስት ፊደል ወጣ፤ አቶ በቀለ። ትንሽ ተንጋዷል፣ ቀ ግን ቀ ናት። አባቴ በቄስ ትምህርት ቤት እንደ ለመደው ጣቱን እያስከተለ «በ፣ ቀ፣ ለ» ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወጥቶ ጎረቤት መጥራት ያዘ። ሴት ወንዱን፣ ውኃ ቀድታ የምታልፈዋን ሳይቀር አስገብቶ፣ አንድ በአንድ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረገ። ማንበብ የማይችለውን እሱ አስከትሎ አስባለው። ቤታችን በአባቴ ስም ሞላ።

ሁሉም ሲያበቃ ጋሽ ጥላዬ ሙሽሪትን ከገመዷ ፈቱ። ስሙ ከመስተዋቱ ጠፋ። ወደ ደጅ ወጥተው፣ የበሩ ንጣፍ ድንጋይ ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ማጅራታቸው ላይ አድርገዋት አጎንብሰው ቆሙ። አባቴ ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«ጣለው ልጄ» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጣለው።»

ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን ከፈቱ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሽፋኗ ለሁለት ተከፈለ፤ ላጲስ ላጲስ የሚሉት ቁልፎቿ ግቢው ውስጥ ተበተኑ። እትዬ አስካለ ጥልፍ ጨርቁን ይዘው ቀሩ። አባቴ እጁን እንደ ዘረጋ ደርቆ፣ «እኔ እኮ... እንደ ወጉ ነው ያልኩት» አለ።

«እኔም እንደ ወጉ ነው የጣልኳት፣ አባባ» አሉት።

በነጋታው አባቴ ስብርባሪዋን በከረጢት ሰብስቦ አዲስ አበባ ድረስ ወሰዳት። ሬዲዮ ጠጋኙ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ መለሰው። አባቴ ወደ ኮሚቴው ተመለሰ፣ በዋናው መንገድ ገበያ መሄድ ጀመረ፣ «በከለ» የሚለውም ቀስ በቀስ ሟሸሸ። ሀፍረቱ ግን ከቤታችን አልወጣም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ጋሽ ጥላዬ ባለፉ ቁጥር አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ ይል ነበር። ሽማግሌ በልጁ ዕድሜ ላለ ሰው ሲነሣ ማየት ያሳቅቃል፤ እሳቸውም ተሳቀው መንገድ ቀየሩ። እኔ አንድ ቀን ደፍሬ፣ ቀስ አድርገው ሊያስቀምጧት ይችሉ እንዳልነበር ጠየቅኳቸው። ቃሉን ሳይረዱት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነበር። «ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው፣ ድንጋዩን ይዞ ቤቱ ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ። ይህን ሲሉ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ምን እንደሚጽፉ ግን አልጠየቅኳቸውም።

አባቴ ሞተ። ኮምፒዩተር ፊደላችንን ይዞ በየቢሮው ገባ። ትምህርት ቤቱም ክፍል ሙሉ ኮምፒዩተር ሲያገኝ ጋሽ ጥላዬ በሩ ላይ ቆመው አይተው፣ አፋቸውን ሸፍነው ስቀው ሄዱ አሉ። እሳቸው ሌላ ማሽን አልነኩም። እኔም ትዳር ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በየበዓሉ በስልክ እንጠያየቅ ነበር።

ይኸው ዕረፍታቸው ተሰማ፣ እኔም በግሩፑ ተቆጣሁ። ለቀብሩ ስላልደረስኩ በሠልስቱ ለመገኘት ተነሣሁ፤ ከድሮ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው ስም ባነር አሠርቼ ልውሰድ አልኩ። የሚታተመውን ጽሑፍ ከስልኬ ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ፤ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ጉልበቴ ላይ አጋድሜው የጀማን ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ ዓለም ከተማ ገባሁ።

ድንኳኑ ሞልቷል። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ተላቀስን። ሁለት ጎረምሶች ባነሩን ተቀብለው በድንኳኑ አፍ ላይ ዘረጉት። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ከአዳራሹ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቀና ስል፣ እያንዳንዱ ፊደል ሳህን ሳህን አክሎ፣ «መምህር ትላዬ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን» ይላል።

ስልኬ የምነካውን የፈረንጅ ፊደል ወደ አማርኛ ይለውጣል፤ ትልቋን ቲ ብነካ ጥ ትመጣ ነበር። ትንሿን ነው የነካሁት።

«የበቀለ ልጅ ናት ያመጣችው» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ። «ያን ሁሉ ዘመን ቂም ይዛ!» አለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ስልኩ ነው፣ ፊደሉ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሁሉም እውነት ነበር። ግን የጋሽ ጥላዬ ቃል ቀደመኝ፤ የሷ ጥፋት የኔ ነው ብለው ነበር እሳቸው፣ ያውም በማለዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ጎረምሶቹን ባነሩን እንዲያወርዱ ለመንኩና አጣጥፌ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰድኩት። ከአጥሩ ካብ ላይ መሸከም የምችለውን ድንጋይ መረጥኩ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በጥቁር ቀሚስ፣ ከከተማ በመጣ ጫማ። ማጅራቴ ላይ አወጣሁት። ለቀስተኛው መንገድ እየለቀቀልኝ አጎንብሼ ገባሁና ከእትዬ አስካለ ፊት ቆምኩ። ሰዎች ባነሩ ምን ይል እንደነበር ሹክ ብለዋቸው ነበር።

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ማጅራቴን ዳሰሱ። «ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«ድንጋይ ነው፣ እትዬ።»

ጣታቸው ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ፈለገው። ከዚያ ልክ እንደ ባላቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላየሁም።

«እንግዲያስ ጣዪው ልጄ» አሉኝ። «የዛሬው ድንጋይ ነው፣ አይሰበርም።»